የፊደል ቁመት

እኔ ፊደል ለኪ ነኝ፤
በርባንክ ውስጥ፣ መስኮት በሌላት ክፍል፣
ከማስመሪያና ከውል ጋር ስውል
ፊት አላይም፤ የማየው ስም ነው።
የማን ስም ከማን ስም እንደሚበልጥ
በሚሊሜትር የማውቀው እኔ ነኝ።

ውሉ እንዲህ ይላል፦
የእሷ ስም ከርዕሱ በላይ፣ ብቻውን፣ በሙሉ ቁመት ይዋል፤
የእሱ ከጎኗ፣ በስተቀኝ፣ ግን ግማሽ ጣት ከፍ ይበል፤
የሽማግሌው መጨረሻ ይምጣ፣ ከፊቱ "እና" ትግባለት።
ለዚች ለአንዲት "እና"
ጠበቆች አርባ ቀን ተሟገቱላት፣
እንደ ርስት።

መርከቧ ላይ ግን ዘጠኝ ነበሩ፤
ዘጠኙም በአንድ ማዕበል ተመቱ፣ በአንድ ሸራ ሥር አደሩ፤
ባሕሩ ውል አላነበበም።
ስድስቱ ለየብቻ ሰሌዳ ደረሳቸው፤
የቀሩትን ሦስቱን፣
የማኒላዋን ሊጋያን፣ የዳካሩን ሞዱን፣ የትብሊሲውን ኦጢያን፣
በአንድ ሰሌዳ ጠቅጥቄ አሳደርኳቸው።
ሁለት ሰከንድ ከሩብ።
አንድ ተመልካች ፋንዲሻውን ከጭኑ አራግፎ
ኮቱን እስኪፈልግ።

ኦጢያ ጫንጡሪያ የመርከቡ ወጥ ሠሪ ነው።
አርባ ዓመት በመድረክ ነግሦ፣ ከድቶ፣ ተሰቅሎ የኖረ ሰው
እዚህ የተሰጠው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው።
እሷ ከኋላው ስታለቅስ እሱ ሽንኩርት ይልጣል፤
አይዞርም። አይናገርም።
ቢላዋው ብቻ ቆም ይላል፤
ከዚያ ይቀጥላል።
ፊት የማላየው እኔ እንኳ መቶ ጊዜ አየሁት፤
መቶ ጊዜ ዓይኔ ከእሷ እንባ ሸሽቶ ቢላዋው ላይ ቀረ።
አንዱ ጋዜጣም ጻፈ፦
"ያ ስሙን ያልያዝኩት ወጥ ሠሪ መቼም አይረሳኝ።"

በጥር አንድ ቀን ስልክ ጮኸ።
የልጅ ልጁ ናት፣ ኑጻ፣ እየተረጎመችለት፦
"አያቴ ትልቅ ፊደል አልጠየቀም።
የስሜ መነሻ 'ቻ' አይደለም ይላል፤ 'ቻ' የሌላ ሰው ነው።
የእኔ ትንፋሽ ታፍኖ፣ ጉሮሮ ተዘግቶ፣
እንደ ጠርሙስ ቡሽ ተስፈንጥሮ የሚወጣ ነው ይላል።"
ከዚያ ስልኩን ራሱ ተቀብሏት
"ጫ!" አለ።
ጆሮዬ ነጠረ።

ሃያ ስድስቱን ፊደሎቻችንን አንድ በአንድ ፈተሽኩ፤
ጨ የሚሆን አጣሁ።
"ቻንቱሪያ" ብዬ ጻፍኩ።
ጨዋውን ሰው ጨውን ነሣሁት፤
ወጥ ሠሪ ነበር፣ ስሙን አልጫ አደረግሁት።

የሽልማቱ ሌሊት
እዚህ የምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ ትብሊሲ የጠዋቱ ሁለት።
የተዋንያን ኅብረት ሽልማት ለፊልሙ ሆነ።
ደንቡ ግን የራሱ ሰሌዳ የሌለውን
ከኅብረቱ አይቆጥርም።
ስድስቱ ወጡ። እሷ ሐውልቱን ደረቷ ላይ አስደግፋ
"ይህ የሁላችንም ነው" አለች።
አልዋሸችም፤
"ሁላችን" የሚለውን ቃል አስቀድሜ የለካሁት እኔ ነበርኩ።

ኑጻ ኋላ ነገረችኝ፦
ጎረቤቱ ሁሉ በሳንቲም በሚሠራው አሳንሰር ዘጠነኛ ፎቅ ወጥቶ፣
ላማራ የምትባል አሮጊት ወንበሯን ተሸክማ መጥታ፣
ስድስቱን ቆጥራ፣ ደግማ ቆጥራ፣
"አንተ የታለህ?" አለችው።
"ጓዳ ነኝ" አለ፤ "ሰው ሲበዛ እሳቱን የሚጠብቅ ያስፈልጋል።"
ሳቁ። ላማራ አልሳቀችም፤
ለመውረጃ ሳንቲም አልነበራትም፣
ወንበሯን ይዛ ዘጠኙን ፎቅ በእግሯ ወረደች።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል።
ይዋል፤
ከርዕስ በታችስ ስንት ሚሊሜትር ይወርዳል?

ለሁለተኛው ቅጂ፣ ማንም ሳያዘኝ፣
የሦስቱን ሰሌዳ በሩብ ሰከንድ አስረዘምኩት።
ያየ የለም። ውልም አልፈረሰ።
ዛሬ ሌላ ውል ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤
"እና" የሚፈልግ ሌላ ሽማግሌ።

ማታ ቤቴ ሽንኩርት ስልጥ
ትንፋሼን አፍኜ እሞክራታለሁ፦
ቻ።
ቻ።
የጎረቤቴ ውሻ ይጮኻል።
ቻ።